ለሦስት ሴቶች የተሰጠ አንድ ቃል

በአንድ ወቅት፣ ያውም በጣም ሩቅ ባልሆነ ጊዜ፣ ሕፃን ባሳለ ቁጥር «እንጥሉ ወርዷል» በሚባልበት አገር፣ ትርንጎ የምትባል ወጣት እናት ነበረች። መንደሯ ድንጋይ በር ይባላል፤ ከዚያ ወደ ወረዳው ከተማ የሁለት ሰዓት ቁልቁለት ያስኬዳል። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዷል። እሷ ስልሳ አምስት ቀን የሆናትን ሴት ልጇን ታቅፋ ቤት ቀርታለች።

ትርንጎ ፈሪ ነበረች። ይህን የምለው ላማት ፈልጌ አይደለም። ከዚህች ልጅ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ወልዳ፣ ክርስትና ሳይነሳ ቀብራዋለች። ምች መታው ተባለ፤ እሷም አመነች። ከዚያ ወዲህ ልጅ ሲያለቅስ ትፈራለች፣ ዝም ሲልም ትፈራለች። ልጅቷን ሳል ይዟት ጡት ስትገፋ ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ጎረቤቱ ሁሉ የሚላት አንድ ነገር ነው፤ እንጥሏ ነው፣ ሳይዘጋት አስቆርጫት።

የመንደሩን ሕፃናት እንጥል የምትቆርጠው እትዬ ደብሬ ነበረች። ሃምሳ ዓመት ያህል የሆናት፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። «የደብሬ እጅ ደም አያወጣም» እየተባለ ዝናዋ እስከ ሌላ ቀበሌ ይሰማል። እውነትም እሷ በቆረጠችው ሕፃን ከንፈር ላይ ደም ያየ ሰው የለም። ሌሎቹ ቆራጮች ዘንድ ልጅ ደም ይተፋል፤ እሷ ዘንድ አይተፋም። ብልሃቷ ቀላል ነው። ቆርጣ እንደጨረሰች ሕፃኑን በጀርባው አስተኝታ፣ አገጩን ቀና አድርጋ ጥቂት ትይዘዋለች። ይህን ከእናቷ ነው የተማረችው፤ እናቷም ከእናቷ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደብሬ መጣች። ትርንጎ የልጇን ራስ በጉልበቶቿ መሃል ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። አንድ የታፈነ ጩኸት ተሰማ፤ ወዲያው አለቀ። ደብሬ ልጅቷን በጀርባዋ አስተኝታ አገጯን ያዘች። ከዚያ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ነጠላው እንደነጣ ቀረ።

«እግዜር ይማርልሽ» አለቻትና ወጣች።

እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ልጅቷ ፀጥ ብላ ተኛች። ሳሉም ጠፋ። ትርንጎ ከስንት ቀን በኋላ እፎይ አለች። ልጅቷን ሊጠይቁ የመጡት ጎረቤቷ እማማ ስህን አጠገቧ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እማማ ስህን ዓይናቸው ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፏል። ልጅ አልወለዱም። ጆሯቸው ግን ለብቻው ነው፤ የትኛዋ ዶሮ እንቁላል እንደጣለች ከቤታቸው ሆነው ያውቃሉ እየተባለ ይቀለድባቸዋል።

ድንገት እንዝርታቸውን አቆሙ።

«ልጅቷ ጡት ላይ ናት?»

«አይ እማማ፣ ተኝታለች።»

«ታዲያ ምንድን ነው የምትውጠው?»

ትርንጎ መጀመሪያ ምንም አልሰማችም። ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ወደ ልጇ አፍ አስጠጋች። ጉ ይላል። ዝም ይላል። እንደገና ጉ ይላል። ትንሿ ጉሮሮ ብቻዋን ከፍ ዝቅ ትላለች፤ አፏ ውስጥ ግን ጡት የለም፣ ወተት የለም፣ ውኃ የለም። 

እማማ ስህን እየዳሰሱ መጥተው ጣታቸውን በልጅቷ አናት ላይ አሳረፉ። እዚያ አጥንቱ ገና ያልገጠመበት ለስላሳ ቦታ አለ።

«እርግብግቢቷ ጎድጉዷል» አሉ። «የምትውጠው ደሟን ነው ልጄ። አፏን ክፈችና ወደ ውስጥ እዪ።»

ትርንጎ ከፈተች። ከንፈሯ ንጹህ ነው። ድዷ ግን ወረቀት መስሏል፤ ከምላሷ ኋላ የጠቆረ ደም ተጠራቅሟል። እናቷ እያየቻት ዋጠችው። ወዲያው እንደገና ሞላ። የልጅቷን መዳፍ ገልብጣ ብታየው እሱም ነጭ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ዳነችልኝ ብላ እያመሰገነች፣ የልጇ ደም ሲፈስ አላየችም።

 ከአሮጊቷ እግር ላይ ወደቀች።

«እማማ፣ ይቺን ደግሞ እንዳልቀብራት። ብትተርፍልኝ ክርስትና የሚያነሷት እርስዎ ነዎት። ማርያምን።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

«እንግዲያው ተነሺ። ወደ ከተማ ሩጪ፤ ጎረቤት ጥሪ። እኔ አልሮጥልሽም።»

የክርስትና እናት አንዲት ብቻ ናት። ሕፃኗን ከውኃው የምትቀበላት፣ አንደበት እስኪኖራት ስለ እሷ የምትመልስላት፣ የወለደቻት ብትሞት ደግሞ እናት የምትሆናት። ሁለት አይደረግም። ትርንጎ ይህን ታውቃለች። ግን በዚያች ሰዓት ያላት ሌላ የምትሰጠው ነገር አልነበረም።

ጩኸቷን ሰምታ አጥሩን የዘለለችው ማንጠግቦሽ ናት። ማንጠግቦሽና ትርንጎ በአጥር ድንበር ተኳርፈው ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ አልተነጋገሩም፤ ውኃ ሲቀዱ እንኳ አንዷ ሌላዋን ካየች እንስራዋን ይዛ ትመለሳለች። አሁን ማንጠግቦሽ ሰላምታም ይቅርታም ሳትል በሩ ላይ ቆመች። ትርንጎ አንቀልባውን አንስታ ልጇን ልታዝል ጀምራለች።

«አትዘያት» አለች ማንጠግቦሽ። «ፊቷ ካልታየኝ መተንፈሷን በምን አውቃለሁ? ስጪኝ።»

ተቀብላ ልጅቷን በክንዷ ላይ በሆዷ ደፍታ አስተኛቻት፤ ራሷን ዝቅ፣ አገጯን በመዳፏ። የተጠራቀመው ደም በልጅቷ አፍ መንጠባጠብ ጀመረ። ትርንጎ ደሙን በውጭ ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

«ገደልሻት!» ብላ እጇን ያዘቻት።

«ልቀቂኝ። ወደ ውስጥ ከሚሄድ ይውጣ። ጉሮሮ ውስጥ ያለው መንገድ ሁለት ነው፤ አንዱ የእህል፣ አንዱ የትንፋሽ። ደሙ መንገድ ከሳተ ያን ጊዜ አለቀላት።»

ማንጠግቦሽ ሐኪም አይደለችም። ፍየል አርቢ ናት፤ ስንት እናት ፍየል በእጇ ያዋለደች፣ ጉሮሮና ሳንባ በእርድ ቀን አገላብጣ ያየች። ቁልቁለቱን መሮጥ ጀመሩ። ትርንጎ ከኋላ ትከተላለች፤ ጡቷ ሞልቶ ወተቱ ቀሚሷን አርሶታል። የሚጠባ የለም።

የእትዬ ደብሬ ቤት መንገዱ ላይ ነው። ደብሬ በሯ ላይ ቆማ ነበር። የማንጠግቦሽን ክንድ እስከ ክርኑ ቀይ ሆኖ አየችው።  ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ተከተለቻቸው። ትርንጎ ዞር ባለች ቁጥር ያች ሴት ከኋላቸው አለች፤ አትጠራቸው፣ አትቀርባቸው፣ አትቀርላቸው። የምትከተለን አፋችንን ልታዘጋን ነው ብላ አሰበች፤ ፍርሃቷ ከፊትም ከኋላም ሆነባት።

ወንዙ መሻገሪያ ላይ ልጅቷ መተንፈስ አቆመች።

ማንጠግቦሽ ውኃው መሃል ቀጥ ብላ ቆመች። የልጅቷ ከንፈር ወደ ሰማያዊነት ሄዷል። ትርንጎ ባዶ እጇን ዘርግታ፣ ውኃው እግሯን እየገፋት፣ መጮህም አቃታት። ማንጠግቦሽ አፏን በልጅቷ አፍና አፍንጫ ላይ ገጥማ ሳበች፤ የረጋ ደም ወደ ወንዙ ተፋች። እንደገና ሳበች፣ እንደገና ተፋች። አልተነፈስ ላለ ግልገል የምታደርገው ነው። ከዚያ ከጉንጯ ብቻ፣ ሻማ እንዳታጠፋ የፈራች ይመስል፣ እፍ አለችባት። ትንሿ ደረት ከፍ አለች። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። በአራተኛው ልጅቷ ራሷ ሳበች፤ ጥቂት አለቀሰች።

ትርንጎ የማንጠግቦሽን ቀሚስ ይዛ ወንዙ ውስጥ ተንበረከከች።

«ማንጠግቦሽዬ፣ የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ። ማርያምን፣ ሌላ ማንም አይደለም።»

ማንጠግቦሽ በደም የተሞላ አፏን ጠረገችና ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሩጫ ነው።

የከተማው ሆስፒታል በር ላይ አንድ ወጣት ሐኪም ተቀበላቸው። «ምን ሆና ነው?» አለ።

እንጥል ያስቆረጠም የቆረጠም ይታሰራል እየተባለ ይወራል። ትርንጎ የታሰረች፣ ልጇም ብቻዋን እዚህ የቀረች ያህል ታያት።

«ሳል... ሳል ይዟት ነው። ትኩሳት አለባት» አለች።

ሐኪሙ ማዳመጫውን አወጣና የልጅቷን ደረት ማዳመጥ ጀመረ። በሳንባ በኩል ሊፈልግ ነው። ማንጠግቦሽ ትንፋሽ አጥሯት ግድግዳ ተደግፋለች። ያን ጊዜ ከኋላ ድምፅ ተሰማ።

«ትዋሻለች» አለች ደብሬ። «እንጥሏን ቆርጫታለሁ። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ።»

ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ጫፉ የታጠፈውን ብረቷን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«በዚህ ነው። ወደ ግራ ሄዶብኛል። የሚደማው እዚያ ነው።»

ሐኪሙ ብረቱንም ሴትዮዋንም አንድ ጊዜ አየና ልጅቷን አንስቶ ወደ ውስጥ ሮጠ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ሲወጣ የሚደማውን ቦታ ሰፍቶ አቁሞታል። ፊቱ ግን አልፈታም።

«የዚህች ልጅ ደም በጠቅላላው ሁለት ብርጭቆ አይሞላም» አለ። «ሲሶው አሁን ሆዷ ውስጥ ነው። ልቧ የሚገፋው ነገር አንሶበት ነው እንዲህ የሚሮጠው፤ ሮጦ ሮጦ ደግሞ ይደክመዋል። የሚሆናት ደም እኛ ጋ የለም። ከናንተ ይመርመር።»

ሦስቱንም መረመሯቸው። የእናቷ ደም አልገጠመም፤ ቢገጥምም የሷው ራሱ አንሷል ተባለ። የማንጠግቦሽም አልገጠመም፤ ደሙን ልትታጠብ ወደ ውጭ ወጣች። የደብሬ ገጠመ።

የሌላውን ልጅ ጉሮሮ ስትቆርጥ እጇ የማይንቀጠቀጠው ሴት መርፌውን ስታይ ወደ ኋላ አለች። ደም የሰጠ ሰው ከዕድሜው ቆርሶ የሰጠ ያህል ነው ብላ ነው የምታምነው። እጇን ወደ ነጠላዋ መለሰችው። በመስኮቱ ውስጥ ልጅቷ ትታያለች፤ ደረቷ በፍጥነት ይወጣል ይወርዳል፣ ከዚያ ዝግ ይላል። ትርንጎ ያን ዝግ ማለት ባየች ቁጥር ታስባለች፣ ይሄ የመጨረሻው ነው። የደብሬን ጉልበት ያዘች።

«እትዬ ደብሬ፣ አትፍሪብኝ። ስጪያት። ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ። ማርያምን።»

ደብሬ ከመስኮቱ ወደ እሷ ዞረች።

«እኔ?»

«አንቺ።»

ደብሬ ክንዷን ዘረጋች።

ደሙ በቀጭኑ ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ገባ። ትርንጎ ጠብታውን ስትቆጥር ዋለች፣ ተሳሳተች፣ እንደገና ጀመረች። ወደ ማምሻው ላይ የልጅቷ መዳፍ መቅላት ያዘ። በማግስቱ እርግብግቢቷ ቀና አለ። በሦስተኛው ቀን ጡት ፈለገች፤ ስትውጥ ድምፁ ተሰማ፣ ትርንጎም ደንግጣ አፏን ከፍታ አየች። ወተት ነው። ወተት መሆኑን እስክታምን ድረስ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ከፍታ አይታለች።

በስድስተኛው ቀን ቤታቸው ገቡ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳበት ሰማንያው ቀን እየቀረበ ሲሄድ ትርንጎ ሌላ ፍርሃት ያዛት። አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ሰጥታዋለች፤ ሦስቱንም ጊዜ በማርያም ምላ። ቃሉ ሲሰጥ አንዷ የሌላዋን አልሰማችም፤ ኋላ ግን ወሬው ለሦስቱም ደረሰ።

መጀመሪያ የመጡት እማማ ስህን ናቸው፤ በበትራቸው መንገዱን እየመቱ።

«እናት ብሎ የጠራኝ የለም» አሉ። «ዕድሜዬም አልቋል፣ ዓይኔም የለም፤ ይቺን ልጅ ላሳድጋት አልችል ይሆናል። ግን ያን ቀን ባልሰማ ኖሮ ሁለቱ የሚሮጡላትም የሚሰጧትም ልጅ አትኖርም ነበር። ዓይን ያላችሁ ሁሉ አጠገቧ ነበራችሁ።»

ቀጥላ ማንጠግቦሽ መጣች፤ በአጥሩ አልነበረም፣ በበሩ ነው።

«ቃሉን ስትሰጪኝ የልጅሽ ደም አፌ ውስጥ ነበር» አለች። «ሰሙ፣ ጥሩ። ደም ሰጡ፣ ጥሩ። ወንዙ ላይ ግን ሞታ ነበር። ለሞተች ልጅ መስማትም ደም መስጠትም ምን ይሠራል? እኔ ስለ አጥሩ አልመጣሁም፤ አጥሩን ውሰጂው።»

ደብሬ በመጨረሻ መጣች። ዱካ ቢቀርብላትም አልተቀመጠችበትም፤ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ቀበሌው ጠርቶ አስፈርሟታል፤ ጉዳይዋም ገና አላለቀም። ፊቷ ከስቷል።

«የሐኪሙን ነገር ሳስበው ሰነበትኩ» አለች። «ደም አያወጣም ይሉኛል። አልወጣም፤ ገባ እንጂ። በጀርባቸው የማስተኛቸው እኔ ነኝ፤ አገጫቸውን የማቀናው እኔ ነኝ። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ምች መታቸው የተባሉትን ቆጠርኳቸው። የማውቃቸው ሰባት ናቸው።» ወደ ትርንጎ ቀና አለች። «የፊተኛው ልጅሽ አንዱ ነው።»

ትርንጎ ልጇን ወደ ደረቷ አጥብቃ ያዘች።  ያኔም ጠዋት ነበር፤ ያኔም ልጁ ፀጥ ብሎ ተኝቶላት ነበር፤ ያኔም እፎይ ብላ ነበር።

«ለምን ነገርሽኝ?» አለች ትርንጎ።

«ሳታውቂ ብትሰጪኝ ስርቆት ይሆንብኛል። ቃልሽን ግን አልመልስልሽም። ብረቱን ጥያለሁ፤ ሰዉ ግን ዛሬም ሕፃን አቅፎ ደጄ ይመጣል። ይቺ ልጅ በስሜ ብትጠራ፣ የመጣውን ሁሉ እሷን እያሳየሁ እመልሰዋለሁ። ደሜ ውስጧ አለ፤ ሌላ ያለኝ ነገር የለም።»

«ያንቺ እጅ ገደለብኝ» አለች ትርንጎ።

«አዎ» አለች ደብሬ። «የኔ እጅ።» ተነስታ ሄደች።

በዚያን ቀን ትርንጎ የገዛ እጆቿን ስታይ ዋለች። ብረቱን የያዘው የደብሬ እጅ ነው። ራሱን የያዙት ግን፣ የወንዱንም የሴቷንም፣ እነዚህ ናቸው። ደብሬን ስለ እጇ ከከለከለቻት የራሷን ምን ልታደርጋቸው ነው? ባትከለክላት ደግሞ ያንን ስም ሳያገኝ የተቀበረ ልጇን ምን ብላ ታስበዋለች? ሆስፒታሉ በር ላይ እውነቱን የተናገረችው እናቷ አይደለችም፤ ደብሬ ናት። ይህም አለ።

ሰማንያው ቀን ደረሰ። ጠዋት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ሦስቱም ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። አልተጠሩም፤ አልተከለከሉምም። እማማ ስህን በትራቸውን ተደግፈው ጆሯቸውን ወደ ልጅቷ አዘንብለዋል። ማንጠግቦሽ ክንዷን እንደ ያን ቀኑ ከደረቷ በታች ይዛዋለች። ደብሬ ከሁሉም ራቅ ብላ አጥሩ ጥግ ቆማለች። ውኃው ተባርኳል። ትርንጎ ልጇን እያጠባች ነው፤ በፀጥታው ውስጥ ስትውጥ ይሰማል፣ ትርንጎም ዛሬም በእያንዳንዱ ጉንጭ ትሸማቀቃለች።

ቄሱ እጃቸውን ዘረጉ።

«ክርስትና የምታነሳት የትኛዋ ናት?» አሉ።

ትርንጎ ልጇን ከጡቷ አላቀቀች። ቀና ብላ ሦስቱን አየች።

እኔ ታሪኩን እዚህ ድረስ ነው የማውቀው። ባውቅም አልነግራችሁም፤ ተከራከሩበት። ደሟ ሲፈስ የሰማቻት አለች፣ የጠፋ ትንፋሿን የመለሰችላት አለች፣ ደሟን ያፈሰሰችው ደግሞ ያችው የራሷን ደም የሰጠቻት ናት። ሦስቱም ቃል አላቸው፤ ልጅቷ አንዲት ናት። ቄሱም እየጠበቁ ነው። እናንተ ትርንጎን ብትሆኑ፣ ልጃችሁን በማንኛዋ እጅ ላይ ታስቀምጧታላችሁ?